ከመጽሐፉ የቀደመ ደራሲ፦ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አንባቢዎችና ያልተቋጨው ሙግት

አንባቢን ለሁለት በመክፈል ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን የሚስተካከል የአማርኛ ልቦለድ ጸሐፊ ማግኘት ያስቸግራል። ለአንዱ ወገን የነውርን መጋረጃ የገለጠ፣ ያየውን ሳይቀባባ የጻፈ እውነተኛ ነው። ለሌላው ወገን ብልግናን በሥነ ጽሑፍ ስም ያስገባ፣ በአኗኗሩም ወጣቱን ያሳሳተ ሰው ነው። ደራሲው የካቲት 12 ቀን 2004 ካረፈ ወዲህ እንኳ ሙግቱ አልበረደም። ቦሌ ወይም ገርጂ አንድ ካፌ ውስጥ ስሙ ሲነሣ ጨዋታው ብዙ ጊዜ ከአንድ ምዕራፍ ወይም ከአንድ ገጸ ባሕርይ አይጀምርም። የሚጀምረው ከጫቱ፣ ከመጠጡ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ሴቶች ተናገረ ከተባለው ነው። መጽሐፉ የሚመጣው ኋላ ነው፤ ከመጣም እንደ ማስረጃ ሆኖ ነው።

ይህን በአንባቢ ስንፍና ማሳበብ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይሆንም። ስብሐትን አንባቢው ያወቀበት ቅደም ተከተል ራሱ የተገለበጠ ነበር። ሰውየው ከመጽሐፉ በፊት ታወቀ፤ ሙግቱም ቀድሞ የመጣውን ይዞ ቀረ።

ስብሐት በ1928 አድዋ አካባቢ፣ እርባ ገረድ በምትባል መንደር ተወለደ። አፉን የፈታው በትግርኛ ነው። አዲስ አበባ የመጣው በልጅነቱ ሲሆን በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተምሯል። አማርኛን ከሰው አፍ እየለቀመ የተማረ ልጅ መሆኑ ኋላ በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ይሰማል፤ ሌላው ጸሐፊ ለምዶት የሚያልፈውን የንግግር ቃና እሱ ቆሞ ያዳምጠዋል። በ1950ዎቹ ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ ሄደ። የተቀመጠባት ኤክስ አን ፕሮቫንስ ኤሚል ዞላ ያደገባት ከተማ ናት። ዞላም በዘመኑ በብልግና የተከሰሰ ጸሐፊ ነበር። ልቦለዶቹን በእንግሊዝኛ ያሳተመው ሄንሪ ቪዘተሊ እ.ኤ.አ. በ1889 ለንደን ውስጥ ታስሯል፤ ዞላ ከሞተ በኋላ ግን አፅሙ እ.ኤ.አ. በ1908 ፓሪስ ወደሚገኘው ፓንቴዮን ተዛውሯል። የስብሐት ዋና ልቦለድ «ሌቱም አይነጋልኝ» የተጻፈው በኤክስ አን ፕሮቫንስ፣ ከአዲስ አበባ ርቆ፣ አዲስ አበባን በጆሮ እያስታወሱ ነው።

መጽሐፉ የሚያስታውሰው ውቤ በረሃን ነው። በደጃዝማች ውቤ ስም በሚጠራው ሰፈር ዙሪያ፣ ፒያሳ አጠገብ የነበረው የመሸታ ቤቶች መንደር የአራዳ ሌሊት መናኸሪያ ነበር። ልቦለዱ በሴራ አይጎተትም። ሌሊት ያልፋል፣ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፤ ሴቶቹ ይጫወታሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ያለቅሳሉ፤ ተማሪው፣ ወታደሩና ሥራ ያለውም የሌለውም ይጠጣል። አካልና ወሲብ በስማቸው ይጠራሉ። ሰምና ወርቅ ባሠለጠነው፣ መሸፈንን የጥበብ ምልክት አድርጎ በያዘው የአማርኛ አንባቢ ጆሮ ላይ ይህ ከባድ ድንጋጤ ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ፣ በ1958፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታትሞ የአማርኛ ልቦለድ ምን መምሰል እንዳለበት ለብዙው ሰው ወሰነ። የስብሐት ረቂቅ ግን መንገዱ ተዘግቶበት ቀረ።

በንጉሡ ዘመን ሳንሱር ነበር፤ በደርግም ዘመን ሳንሱር ነበር። ረቂቁ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ በቅጂ ሲዞር ኖሮ ለሕዝብ የደረሰው ከተጻፈ ወደ አርባ ዓመት ግድም ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደራሲው ራሱ ከፍራንሲስ ፋልሴቶ ጋር ወደ ፈረንሳይኛ መልሶት አክት ሲዩድ የተባለው አሳታሚ አወጣው። ፋልሴቶ የኢትዮጵያን የቆየ ሙዚቃ «ኤትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ ለዓለም ያደረሰው ሰው ነው፤ የውቤ በረሃን ሌሊት ዘፈን የሚያውቅ ሰው የውቤ በረሃን ልቦለድ ለመተርጎም መመረጡ የሚገርም አይደለም።

በእነዚያ አርባ ዓመታት ደራሲው ዝም አላለም። በ«መነን» መጽሔትና በ«አዲስ ሪፖርተር» ሠርቷል፤ ኋላም ወጎቹ «እግረ መንገድ» በሚል ርእስ ተሰብስበው ታትመዋል። ከሁሉም በላይ ግን በአካል ነበረ። ወጣት ጸሐፊዎች «ጋሽ ስብሐት» እያሉ ይከቡታል፣ ያወራል፣ ይስቃል፣ ያስቃል፤ ጫት መቃሙን አይደብቅም፤ የተጠየቀውን ይመልሳል። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ወሬውን ሰምቷል።

ከወሬም አልፎ የልቦለድ ገጸ ባሕርይ ሆኗል። በዓሉ ግርማ በ1972 ባሳተመው «ደራሲው» ውስጥ ያለው ሲራክ በስብሐት ሕይወት ላይ የተመሠረተ መሆኑ በሰፊው ይታመናል። ይህ እውነታ ከሚገባው በታች ተጠንቷል። አንድ ጸሐፊ ዋናው ልቦለዱ ሳይታተም እሱ ራሱ የሌላ ሰው ልቦለድ ዋና ሰው ሲሆን አንባቢው የሚይዘው የመጀመሪያ ምስል የተፈጠረ ምስል ነው። ብዙ አንባቢ ስብሐትን ከስብሐት ገጾች ሳይሆን ከበዓሉ ገጾች ተዋወቀ። የበዓሉ የራሱ ዕጣ ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያጎላዋል። «ኦሮማይ»ን አሳትሞ በ1976 ደብዛው ሲጠፋ ስለ ሰውየው የሚነሣው ክርክር በሐዘን ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ብቻ ቀረ። ስብሐት ግን በሕይወት ኖረ፤ በየቀኑም ምስሉ ላይ አንድ ነገር ይጨመር ነበር።

ቀጥሎ የዘነበ ወላ «ማስታወሻ» መጣ። ስብሐት ስለ ሕይወቱ የተናገረውን ይዞ የቀረበ፣ በጣም የተነበበ መጽሐፍ ነው። ዓለማየሁ ገላጋይም ስለ ደራሲው ሕይወትና ክህሎት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል፤ የሁለተኛው ርእስ «ክህሎት» የሚለውን ቃል መያዙ በራሱ ሙግት ነው፣ ትኩረቱን ከሰውየው ወደ እጁ ሥራ ለመመለስ የተደረገ ጥረት ነውና። ይሁን እንጂ ከሁለቱ በሰው አፍ የቀረው የመጀመሪያው ነው። ምክንያቱም ጨዋታ ይደገማል፤ ትንታኔ አይደገምም።

ይህ በአማርኛ ባህል አዲስ ነገር አይደለም። አለቃ ገብረ ሐና ሊቅ ነበሩ፤ የተክሌ አቋቋም በሚባለው የዝማሜ ስልት ስማቸው ይነሣል። ዛሬ ግን ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ማንም የፈጠረው ቀልድ ባለቤት ሲያጣ ለእሳቸው ይሰጣል። ስብሐትም ወደዚያው መንገድ ገብቷል። ተናገረው የሚባለው ነገር ከጻፈው ይበልጣል፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ደፋር ንግግር ሁሉ ወደ እሱ ይጠጋል። ከዚያ ተቺው በማይታወቅ ንግግር ይከሰዋል፤ ደጋፊውም በዚያው ንግግር ያደንቀዋል።

የሁለቱን ወገን ክርክር ለየብቻ መመርመር ይገባል። የተቺዎቹ ጭብጥ ከሚታሰበው የጠነከረ ነው። የሚሰጉት በልጆቻቸው እጅ ስለሚገባ መጽሐፍ ነው፤ ቃል ሰውን ይሠራል ብለው ያምናሉ። ይህን ኋላ ቀርነት ብሎ ማጣጣል ለሥነ ጽሑፍ ክብር መስጠት አይደለም፤ ቃል ኃይል ከሌለው ስብሐትም ኃይል የለውም። ድክመታቸው ሌላ ቦታ ነው፦ ስለ መሸታ ቤት የሚጻፍ ሁሉ መሸታ ቤትን ያወድሳል ብለው ይነሣሉ። ርእሱ ራሱ ስለማይነጋ ሌሊት ይናገራል፤ ገጾቹ ውስጥ ያለው ደስታ ከድካም፣ ከብቸኝነትና ከገንዘብ ፍለጋ ተለይቶ አይታይም።

ደጋፊዎቹ ደግሞ «እውነቱን ጻፈ» ይላሉ፤ እዚያው ያቆማሉ። እውነት መሆን ብቻውን ጽሑፍን ጥሩ አያደርገውም። ስብሐትን ጸሐፊ ያደረገው የመረጠው ዓረፍተ ነገር ነው። አጭር ነው፣ ንግግር ይመስላል፣ ሲነበብ ጆሮ ላይ ያርፋል፤ ግን የተለፋበት ነው። ሁለት ሰው ሲነጋገር ተራኪው ይጠፋል፤ ማን እንደተናገረ ከቃናው ይለያል። ይህ ከባድ ሥራ ነው። በደጋፊዎቹ ሙግት ውስጥ ግን ብዙም አይጠቀስም፤ ደፋርነቱ ስለ ዕደ ጥበቡ ምስክር እንዲሆን ተደርጓል።

ሁለቱም ወገን ያልገቡበት ከባድ ጥያቄ የሴቶቹ ነው። በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ሴቶቹ ስም አላቸው፣ ታሪክ አላቸው፣ ምላሳቸውም ስለታም ነው፤ በዘመኑ አማርኛ ልቦለድ ውስጥ ሴተኛ አዳሪ ይህን ያህል የመናገር ዕድል ማግኘቷ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ወደ ቤቱ የሚገባው ዓይን የወንድ ደንበኛ ዓይን ነው፤ ሲወጣም አብሯት አይቀርም። ርኅራኄው እውነተኛ ነው፤ ወሰኑም እውነተኛ ነው። ይህ ጥያቄ ሊመለስ የሚችለው ገጽ በመግለጥ ብቻ ሲሆን፣ ስለ ደራሲው የግል ኑሮ የሚደረግ ክርክር ግን ለመልሱ አንዲት መስመር አይጨምርም።

የኮሚክ መጽሐፍ አንባቢዎች ዓለም እዚህ ላይ ጠቃሚ ንጽጽር ይሰጣል። ካናዳዊው ዴቭ ሲም ከ1977 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. «ሴረበስ» የተባለውን ኮሚክ እስከ 300ኛው ቁጥር ድረስ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 በ186ኛው ቁጥር ስለ ሴቶች ያለውን ጠንካራ አመለካከት እዚያው መጽሐፉ ውስጥ አተመው። ብዙ አንባቢ ተለየው፤ የቀሩትም የሥዕሉንና የገጽ አቀማመጡን ጥበብ ከሰውየው ለይቶ ማድነቅ ይቻል እንደሆነ ሲከራከሩ ኖረዋል። በሲም ዘንድ የደራሲው ሰብእና ከመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ ስለገባ አንባቢው ሊያልፈው አይችልም። በስብሐት ዘንድ ሰብእናው ከሽፋኑ ውጭ ነው። ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው አንባቢው ነው፤ ስለዚህም መለየት የሚቻል ሥራ ነው። የአዲስ አበባን ጀግና ይዞ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው «ጀምበር» ኮሚክ ያደገ የቦሌ ወጣት ሥዕሉን አይቶ ገጸ ባሕርዩን ለመመዘን ስለ ደራሲው ኑሮ አይጠይቅም። ለስብሐትም ይኸው ንባብ አይነፈገው።

የቦታው ጉዳይ ነገሩን ያወሳስበዋል። ስብሐት ልቦለዱን በሚጽፍበት በ1950ዎቹ ቦሌ አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከልደታ የተዛወረበት የከተማ ዳር ነበር። የፈረንሳይኛው ትርጉም በወጣበት እ.ኤ.አ. በ2004 ገደማ ደግሞ ቦሌ ገርጂ ላይ የመጀመሪያው የሙከራ ኮንዶሚኒየም ይሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሲኤምሲ፣ ወደ ሰሚትና ወደ አያት ፈሰሰ። በእነዚህ ሰፈሮች የሚያድገው አንባቢ ውቤ በረሃን አያውቀውም፣ የሚያውቀው ሽማግሌም ጎረቤቱ የለም። መጽሐፉ ሲነበብ የሚመጣለት የሰፈር ሽታ ስለሌለ ባዶውን በደራሲው ምስል ይሞላዋል።

ነገር ግን ሌሊቱ ከእሱ ሰፈር አልራቀም። ከሃያ ሁለት ወደ ቦሌ ሲወረድ ያለው ቺቺኒያ የዛሬው ትውልድ የመሸታ መንደር ነው፤ ሴቶቹም ዛሬ አሉ። «ይህ የእኛ ባህል አይደለም» የሚለው አንባቢ ከዚያ በጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ይኖራል። በ2016 ደግሞ ፒያሳ አጠገብ የነበረው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈርሷል፤ የስብሐት ገጸ ባሕርያት ከሚመላለሱባቸው መንገዶች ብዙው አሁን በካርታ አይገኝም። መጽሐፉን እስከዛሬ በሥነ ምግባር ሚዛን ብቻ የለካው አንባቢ አሁን ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ምን እንደተዘፈነ፣ ምን እንደተከፈለ፣ በምን ቃል እንደተነጋገሩ የሚናገር የተጻፈ ምስክር ስለዚያ ሰፈር ሲፈለግ ከሚወጡት ጥቂት መጻሕፍት አንዱ ያው የተወገዘው መጽሐፍ ነው።