የታሪክ መጽሐፉና የጌጫው ተማሪ

የታሪክ ትምህርት ዓላማ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በሸካ ደን መካከል በምትገኘው በጌጫ ሲነሣ ከአዲስ አበባው ይልቅ ይከብዳል። ለረጅም ዘመን በተለመደው አጻጻፍ የዚያ ምድር ተማሪ አክሱምን፣ ላሊበላንና ጎንደርን በተራ ያገኛል፤ የአገሩ ታሪክ ነውና ማወቁ ተገቢ ነው። የራሱ ቀዬ ግን ብቅ የምትለው እጅግ ዘግይታ፣ ያውም ጦር ሲዘምትባት ነው።

በ1897 እ.ኤ.አ. የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት የከፋን መንግሥት ድል ነሥቶ የመጨረሻውን ንጉሥ ጋኪ ሻሮቾን ማረከ። የሸካም መንግሥት ብዙ ሳይቆይ ወደቀ። ይህን ድርጊት አንዱ ጸሐፊ «አገር ማቅናት»፣ ሁለተኛው «መስፋፋት»፣ ሦስተኛው «ወረራ» ይለዋል። መምህሩ ከሦስቱ አንዱን መርጦ በሰሌዳ ላይ ቢያስገለብጥ የጽሕፈት እንጂ የታሪክ ትምህርት አልሰጠም። ቃሉን ማን ተናገረው? ከየትኛው ወገን ቆሞ? በምን ማስረጃ? በዚያ ዘመቻ የጅማው አባ ጅፋር ጦር መሰለፉስ «ሰሜን ደቡብን ወጋ» የሚለውን ቀላል ስሌት እንዴት ያናጋዋል?

በዘውዱ ዘመን መጽሐፉ የነገሥታት ዝርዝር ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ወንበሩን የመደብ ትግል ያዘው፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የብሔር ብሔረሰቦች ጥያቄ። ሦስቱም ተማሪው እንዲያምን እንጂ እንዲመረምር እምብዛም አልጠየቁትም።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. መመሥረቱ የአካባቢው ታሪክ ይጻፍ ለሚሉት ተጨማሪ ምክንያት ሆኗል። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ዳሩ ግን የከፋና የሸካ ነገሥታት በጎንደሮቹ ወንበር ተተክተው ያው ውዳሴ እንዳይቀጥል ያሠጋል። በእነዚያ መንግሥታት ሰው ይሸጥ ይለወጥ ነበር፤ ባርነት በኢትዮጵያ በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በአደን ይተዳደሩ የነበሩት ማንጆዎችም በጋብቻ የማይፈለጉ፣ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ የማይቀርቡ ሆነው ኖረዋል፤ መገለሉ ዛሬም ፈጽሞ አልተፋቀም። የማንጆው ልጅ በዚያው ክፍል ተቀምጦ ሳለ የጥንቱ ዙፋን ክብር ብቻ ቢነገረው ምን ይማራል? ስለ ጋኪ ሻሮቾ ተውኔት ሊጽፍ የሚነሣ ከያኒም ይኸው ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ንጉሡን ማስለቀስ ቀላል ነውና።

ብልህ መምህር መጽሐፉን ለጊዜው አጥፎ ተማሪውን ወደ ደኑ ይልከዋል። በሸካ ቀፎ የሚሰቀልበት ደን «ኮቦ» በተባለ ልማዳዊ ይዞታ ይተዳደራል። ኮቦ ከአባት ወደ ልጅ እንዴት ተላለፈ? የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ምን ሆነ? ለማን ይደርስ ነበር፣ ለማንስ አይደርስም ነበር? ተማሪው ይህን ለባላባቱ ልጅ፣ ለገበሬውና ለማንጆው አዛውንት አቅርቦ ምናልባት የማይገጥሙ ሦስት መልሶች ይዞ ይመለሳል። በክፍሉ ፊት ቆሞ የሚያመዛዝናቸው ራሱ ነው።