ነጋሪውና ጸሐፊው፦ የሉዶልፍ የላቲን ሥራ ከዲላ ሲመረመር

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እንሰትና ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተደጋግፈው የሚያድጉበት ተዳፋት፣ ጥንታዊዎቹ ትክል ድንጋዮች፣ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት ሶንጎ፣ ሁሉም የተመራማሪን ዓይን ይስባሉ። ለመሆኑ የሕዝብን ዕውቀት ከቃል ወደ መጽሐፍ የሚያሸጋግር ምሁር ለነጋሪው ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው ለዲላ መምህራንና ከያንያን ዛሬ የቀረበ ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ ጥናት ውስጥ ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። መልሱም በቅድሚያ የተሞከረው በላቲን ቋንቋ ነው።

ኢዮብ ሉዶልፍ በ1624 በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ተወለደ። ግዕዝን ከመጻሕፍት ሲማር ቆይቶ በ1649 ሮም በደረሰ ጊዜ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን ቤት የአምሐራውን ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። ጎርጎርዮስ ከካቶሊካውያን ጋር በመወገኑ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን አገሩን የለቀቀ ስደተኛ ነበር። በ1652 ወደ ጎታ መስፍን ወደ ኤርነስት ቤተ መንግሥት ተጠራ። በዚያም አንዱ እየጠየቀ፣ ሌላው እየመለሰ፣ የቋንቋው፣ የታሪኩና የኑሮው ዝርዝር ተመዘገበ።

የዚህ ጉባኤ ፍሬ ብዙ ነው። የግዕዝና የላቲን መዝገበ ቃላት ከሰዋስው ጋር በ1661 በለንደን፣ በአራት ክፍል የተዘጋጀው የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681 በፍራንክፈርት፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም በ1698 ታተሙ። ጎርጎርዮስ ግን ከእነዚህ አንዱንም ታትሞ አላየም፤ በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለስ መርከቡ ተሰብሮ በባሕር ላይ ሞቷል።

ሉዶልፍ ሊመሰገን የሚገባው ባልንጀራውን ባለመደበቁ ነው። ስሙን ደጋግሞ ይጠራል፤ ቃሉን ምስክር ያደርጋል፤ ሥዕሉንም በ1691 ባወጣው ማብራሪያ ውስጥ አትሟል። በዚህም ኡሬታን የመሰሉ ጸሐፊዎች ስለ ኢትዮጵያ ያሰራጩትን ተረት ለማረም ችሏል። የምንጩ ታማኝነት ለሥራው ብርታት ሆኖታል።

ይሁንና ጉድለቱም ከዚያው ምንጭ ይመነጫል። አንድ ካህን፣ ያውም ከአገሩ የራቀ ስደተኛ፣ የመላ ኢትዮጵያ አንደበት ሊሆን አይችልም። ሉዶልፍ የኢየሱሳውያንን ጽሑፍ ጨምሮ ቢያመሳክርም፣ የሥራው ክብደት ያረፈው በቤተ መንግሥቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በግዕዙ መጽሐፍ ላይ ነው። ገበሬው፣ ሸማኔውና የደቡቡ ሕዝብ ለራሳቸው አልተናገሩም። ከዚህም በላይ ላቲን መጽሐፉን ለአውሮፓ ምሁራን ሲከፍት፣ ዕውቀቱ ለፈለቀበት ሕዝብ ዘግቶታል። የተነገረው ነገር ወደ ተናጋሪው አልተመለሰም።

የጌዴኦ ቋንቋ ዛሬ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ፊደሉ የሮም ይሁን እንጂ ቃሉ የጌዴኦ ነው፤ ሕፃናቱም በትምህርት ቤት ያነቡታል። ስለዚህ ሉዶልፍ ያልነበረው ዕድል ለዲላ መምህር ተሰጥቶታል፤ በሶንጎ የሰማውን ለዚያው ሕዝብ በራሱ ቋንቋ መመለስ ይችላል። ስለ ባሌ ሥርዓት፣ ስለ እንሰት ተክል ወይም ስለ ለቅሶ ግጥም የሚጽፍ ሰው «ከሽማግሌዎች እንደ ሰማነው» ብሎ ቢያልፍ ግን ከሉዶልፍም ያንሳል። የነጋሪውን ፈቃድ ጠይቆ ስሙን ይጻፍ፤ ከአንዱ ሳይሆን ከብዙዎች፣ ከወንዱም ከሴቷም ይስማ፤ ረቂቁንም ከኅትመት በፊት በነጋሪዎቹ ፊት ያንብበው።

ሉዶልፍ የምንጩን ስም በመጥራት አንዱን ዕዳ ከፍሏል። መጽሐፉን ለባለቤቱ የመመለሱ ዕዳ ግን ሳይከፈል ቀርቷል። ያንን የሚከፍል ትውልድ የሉዶልፍን ሥራ ከማድነቅ አልፎ ያሻሽለዋል።