የተጣለው ምንድን ነው?

ኃይል እንዲቆጥብ ተብሎ የታደሰ ታሪካዊ ሕንፃ የሚያስጎበኝ ሰው አዲሱን ማሽን ለማሳየት ይቸኩላል። እናንተ ግን ተነቅሎ የተጣለው ምን እንደሆነ ጠይቁት። ባለሙያውን ከጀማሪው የሚለየው ይኸው ነው።

ኒውዮርክ ያለው ኢምፓየር ስቴት ከ6,500 የሚበልጡ መስኮቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታደስ አምስተኛው ፎቅ ላይ ወርክሾፕ ተከፈተ፤ ድርብ መስታወቶቹ እየተነጠሉ ታጠቡ፣ መሐላቸው ሙቀት የሚመልስ ስስ ፊልም ገባ፣ ጋዝ ተሞላ፣ እንደገና ታሸጉ። መስታወቱና ፍሬሙ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ አገልግሏል። ይህ ግን ለሁሉም መስታወት አይሆንም። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ባለው 150 ካሬ ሜትር የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ላይ እንዲህ ያለ ፊልም መለጠፍ ቀለሙን መንካት ነው፤ እዚያ ቅርሱ ራሱ ብርሃኑ ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የበርሊኑ ራይክስታግ ነው። በ1894 ተመርቆ፣ ተቃጥሎ፣ በጦርነት ፈራርሶ የነበረውን ይህን ፓርላማ አርክቴክቱ ኖርማን ፎስተር በ1999 አድሶ ሲያስረክብ፣ የሶቪየት ወታደሮች በ1945 ግድግዳው ላይ የጫጫሩትን ጽሑፍ አላስጠፋም። ጎብኚ የሚጎርፍለት የመስታወት ጉልላት ለጌጥ ብቻ የቆመ ይመስላል። ከመሐሉ ወደ ታች የወረደውን ሾጣጣ ቀና ብላችሁ እዩት፦ 360 መስታወቶቹ የቀን ብርሃን እየመለሱ ወደ ጉባኤው አዳራሽ ያወርዳሉ፣ ፀሐይን እየተከተለ የሚዞር መከለያ ግለቱን ያግዳል፣ የአዳራሹ የሞቀ አየርም በዚያው በሾጣጣው ውስጥ ይወጣል፤ ከመውጣቱ በፊት ግን ሙቀቱን ጥሎ ይሄዳል። የበጋው ትርፍ ሙቀት ደግሞ 300 ሜትር ገደማ ከመሬት በታች ባለ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ለክረምት ይወጣል። አንድ ዕቃ ለሦስት ሥራ መዋሉን ስታዩ ባለሙያ እንደነካው እወቁ።

ብዙ እድሳት የሚበላሸው ግድግዳው ላይ ነው። በኖራ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ እርጥበት ይቀበላል፣ ይለቅቃል። በፎም አፍነው ሲሚንቶ ከለሰኑበት ውኃው መውጫ ያጣና የወራጁን ጫፍ ያበሰብሰዋል። እጃችሁን የግድግዳው ግርጌ ላይ አሳርፉ፤ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ከነካችሁ፣ ስለ ማሽኑ የሚነገራችሁን ሁሉ በጥርጣሬ ስሙ።

በመጨረሻ የቆጣሪ ንባብ ጠይቁ፣ ከእድሳቱ በፊትና በኋላ የሙሉ ዓመት። የሚሰጧችሁ የዲዛይኑን ግምት ብቻ ከሆነ፣ ገና ማንም አልለካም ማለት ነው።