ጥፍር ላይ ያለው ነጭ ነጥብ ስለ ካልሲየም አያወራም

«ጥፍርህ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ ካልሲየም አንሶሃል።» ይህን ያልሰማ አለ? በአጫጭር ቪዲዮዎች ይነገራል፤ ጓደኛም ለጓደኛው ይነግራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከወሬው ጀርባ የሚሸጥ እንክብል አለ። እስቲ ዛሬ ይህን አባባል እንደ አንድ ሳይንሳዊ ማብራሪያ ቆጥረን እንመዝነው።

ልክ የሆነው የቱ ነው?

ጥፍር ስለ ሰውነት ይናገራል የሚለው ሐሳብ ከባዶ አልመጣም። የብረት እጥረት ጥፍርን እንደ ማንኪያ ሊያጎደጉደው ይችላል። በ1956 እ.ኤ.አ. ሙርኬ የተባለ ሐኪም፣ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን በደማቸው ውስጥ በጣም ያነሰባቸው ሰዎች ጥፍር ላይ ጥንድ ነጭ መስመሮች እንደሚታዩ ጽፏል። ግን ልብ በሉ! እነዚህ ጥፍሩን አግድም የሚያቋርጡ መስመሮች ናቸው፤ ብዙ ጣቶች ላይ ይታያሉ፤ ጥፍሩን ስትጫኑት ይጠፋሉ። የእናንተዋ ነጥብ እንዲህ አታደርግም።

ታዲያ ነጥቧ ከየት መጣች?

እኔ መሐንዲስ ስለሆንኩ ጥፍርን የማየው እንደ ፋብሪካ ነው። ማሽኑ ከቆዳው ስር የተደበቀው የጥፍር ሥር ነው። እዚያ አዳዲስ ሴሎች ይፈጠራሉ፣ በኬራቲን ይሞላሉ፣ ኒውክለሳቸውን ያጣሉ፣ ከዚያም ተጠፍጥፈው እየተነባበሩ ወደ ፊት ይገፋሉ። በደንብ የተሠራው ንብርብር ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከስሩ ያለው የደም ቀለም ይታያል። ማሽኑ ሲመታ ግን፣ ለምሳሌ በር ሲቀረቅረው፣ ድንጋይ ሲያርፍበት ወይም ጥፍር ስትነክሱ፣ ጥቂት ሴሎች ሥራቸውን ሳይጨርሱ ያልፋሉ። እነሱም ብርሃኑን ይበትኑታል፤ ለዓይን ነጭ ይሆናል። ውሃ ነጭ ሳይሆን የሳሙና አረፋ ነጭ የሚመስለውም ብርሃን ስለሚበተን ነው።

ማብራሪያው የሚወድቅባቸው ሦስት ቦታዎች

አንደኛ፣ ጥፍርን የሚያጠነክረው ኬራቲን ነው። ጥፍር ውስጥ ያለው ካልሲየም እጅግ ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ ደም ለአሥሩም ጣት አንድ ነው። ችግሩ የምግብ ቢሆን፣ አንዷ ጣት ብቻ ለምን ተመረጠች?

ሦስተኛ፣ «እንክብሉን ወስጄ ጠፋልኝ» የሚለው ማስረጃ አይሠራም። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚ.ሜ. ገደማ ያድጋል። እንክብል ወሰዳችሁም አልወሰዳችሁም ነጥቧ ተጉዛ በመቁረጫ ትወጣለች። ከሥሩ ቆዳ 6 ሚ.ሜ. ርቃ ካገኛችኋት፣ ብቅ ያለችው ከ2 ወር ገደማ በፊት ነው፤ ምቱ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። «ኧረ አልተመታሁም» የምንለው ለዚህ ነው፤ ረስተነዋል። ካላመናችሁ ዛሬ በማስመሪያ ለኩና ከወር በኋላ ድገሙት።

ቢሳሳትስ ምን ይጎዳል?

ሰቆጣን እናስብ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቆም የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚባለው በዋግ ኽምራዋ ከተማ ስም ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46 ያህሉ ቀንጭረው ነበር።

እንግዲህ እዚህ ቦታ እናት የልጇን ጥፍር አይታ ብትፈርድስ? ነጥብ የሌለበት ልጅ ክፉኛ ሊቀነጭር ይችላል፤ ነጥብ የሞላበት ደግሞ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ቁመት፣ ክብደትና የክንድ ዙሪያ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን ክንዱ ከ11.5 ሴ.ሜ. ካነሰ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። «እሺ፣ ካልሲየም ካልሆነ ዚንክ ነው» የሚሉም አሉ። የዚንክ እጥረት እውነተኛ ችግር ነው። እህል ውስጥ ያለው ፋይቴት ዚንክን ይይዘዋል፤ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። ቢሆንም እጥረቱ የሚያሳስበው የልጁን እድገት ስለሚያቀጭጭና ተቅማጥን ስለሚያባብስ ነው፤ በአንድ ነጥብ አይታወቅም። ለእንክብሉ የሚወጣው ብር እንቁላልና ምስር ቢገዛ ይሻላል።

ምን እናድርግ?

ብዙ ጊዜ ምንም። አትፋቁት፣ ጥፍር አትንከሱ፣ የሥሩን ቆዳ አትግፉ፣ አሳጥራችሁ ቁረጡ። ጥፍሩ በሙሉ ከነጣ፣ ነጭ መስመር ብዙ ጣቶች ላይ ከወጣ፣ ወይም ጥፍሩ ወፍሮ ከተፈረፈረ ግን ባለሙያ ይየው፤ ፈንገስ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ችግር ሊሆን ይችላል።

ቀጣዩን ቪዲዮ ስታዩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ይህ ምልክት ሌላ ምን ሊያመጣው ይችላል?» መልስ ከሌለው እንክብሉን አትግዙ።