«ቅናት» ስንል የማንን ነው?

ሰሞኑን በጓደኞቻችን እጅ ሲዘዋወር ያነበብነው አንድ የሂስ ጽሑፍ የሼክስፒርን ኦቴሎ «የቅናት ተውኔት» ብሎ ይጀምርና በዚያው ቃል ይደመድማል። ኦቴሎ ቀና፣ ኢያጎም ቀና፣ ስለዚህ ደም ፈሰሰ። በቃ! ጸሐፊውን ለመውቀስ አልተነሣንም፤ እኛም በእንግሊዝኛ በጻፍነው የክፍል ሥራ ለሁለቱም «ጄለሲ» የሚለውን ስም ሰጥተን ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ተውኔት እንኳ እንዲህ አደባልቀን ካነበብን ግን ነገሩ ያሳስባል።

እንግሊዝኛው ሁለት ስሞች አሉት፦ «ጄለሲ» እና «ኤንቪ»። በዕለት ንግግር ባለቋንቋዎቹም ቢሆኑ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ቦታ ይጠቀሙበታል። በጥንቃቄ ሲጻፍ ግን ጄለሲ በእጄ ያለውን ሌላ ይነጥቀኛል የሚል ሥጋት ነው፤ ስለዚህ ሦስት ወገን ይፈልጋል፦ የሚሰጋው፣ የሚወደደው፣ ነጣቂ ተብሎ የተጠረጠረው። ኤንቪ በሌላው እጅ ያለውን አይቶ መብገን ነው፤ ሁለት ሰው ይበቃዋል። የቃላቱ ዘርም ይህንኑ ይጠቁማል። ጄለሲ ከግሪኩ «ዜሎስ» በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው፤ ግሪኩ እንደ እኛ «ቅንዓት» የመንፈስ ትጋትንም ይጨምራል። ኤንቪ ከላቲኑ «ኢንቪዲያ» የወጣ ሲሆን፣ ሥሩ በክፉ ዓይን ማየት ነው።

ታዲያ ወደ ተውኔቱ እንመለስ። ኦቴሎ «ሚስቴን ካሲዮ ወሰደብኝ» ብሎ ይነድዳል፤ ይህ ጄለሲ ነው። ቢያንካም ካሲዮ የሰጣትን መሐረብ አይታ «የሌላ ሴት ነው» ብላ ትጠረጥራለች፤ ይኸውም ያው ነው። ኢያጎስ? የምክትልነቱን ሹመት ካሲዮ አገኘው፣ እርሱ ቀረ። በ5ኛው ገቢር የካሲዮ ኑሮ ውበት የራሱን አስቀያሚነት እንደሚያጎላበት በገዛ አፉ ይናገራል። ከዚህ የጠራ ኤንቪ ከወዴት ይገኛል? እርግጥ ነው፣ «ኦቴሎ ከሚስቴ ጋር ሳይተኛ አልቀረም» እያለም ያጉረመርማል። ነገር ግን እውነት መሆኑን እንደማያውቅ ራሱ ያምናል፣ ለማጣራትም አንዲት እርምጃ አይራመድም።

ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደው ኢጣሊያዊው ቺንቲዮ በ1565 እ.ኤ.አ. ካሳተመው መጽሐፍ ነው። በዚያ ታሪክ መሠሪው ሰንደቅ ያዥ ሴትዮዋን ወድዶ ሳይሳካለት ሲቀር ጥላቻ ይይዘዋል። ሼክስፒር ያንን ፍቅር ወደ ዳር ገፍቶ የሹመቱን ቁጭት አመጣ። ደራሲው ሆን ብሎ የለየውን እኛ ምን ብለን እንቀላቅላለን?

አንዳንዱ «እንግዲያው ጄለሲን ቅናት፣ ኤንቪን ምቀኝነት ብለን እንገላገል» ይለን ይሆናል። ኧረ አይሆንም! እንግሊዙ ወዳጁ ጥሩ ዕድል ሲገጥመው «ኤንቪ አደረብኝ» ቢለው ምርቃት ይሆንለታል። እኛ «ተመቀኘሁህ» ብንል ጠብ ነው፤ «ቀናሁብህ፣ መንፈሳዊ ቅናት ነው» እንላለን። ምቀኛ የራሱ ማግኘት አይበቃውም፣ ሌላው ካላጣለት አይተኛም። ኢያጎ እንዲህ ያለው ነው። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ከመግለጣችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ነገሩ ያለው በማን እጅ ነው? ሰውየው የሚሻው ማግኘት ነው ወይስ ማጥፋት?

ይህ ተራ የቃል ጨዋታ መስሎ የሚታየው ካለ አንድ ነገር እናስታውሰው። ሚስቱን የገደለ ሰው «ቢወዳት ነው፣ ቢቀና ነው» እየተባለ ሲታዘንለት በየሰፈራችን ሰምተናል። ዴዝዴሞና በገዛ አልጋዋ ላይ ታፍና ስትሞት እኛም «ቅናት ነው» ብለን መጽሐፉን ከዘጋን፣ ኢያጎ ከምቀኝነቱ፣ ኦቴሎም ከወንጀሉ በአንድ ቃል ሥር ተከልለው ያመልጣሉ። ጄለሲ «በእጄ ያለ» የሚለውን እንደሚይዝ አይተናል። ሹመት በእጅ ሊያዝ ይችላል፤ ሰው ግን በማን እጅ ነው የሚያዘው? ኤሚሊያ ቅናት ያለ ምክንያት ራሱን በራሱ እንደሚወልድ የነገረችን ገና ግድያው ሳይፈጸም ነበር። የሰማት የለም እንጂ።

የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ገጹ ክፍት ነው።