ልብሰ ቃል፤ ስለ ቅዱስ ኤፍሬም የሃይማኖት መዝሙራት

ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ በኢትዮጵያ ይበልጡን የሚታወቀው በውዳሴ ማርያም ነው፤ ደራሲው እርሱ እንደ ኾነ በትውፊት ይነገራልና። ነገር ግን በሱርስት ቋንቋ ስለ ሃይማኖት የደረሳቸው 87 መዝሙራት ቅኔ የሚቈጥርና ስብከት የሚሰብክ ሰው ኹሉ ሊያስተውላቸው የሚገባ ናቸው። በእነርሱ ውስጥ የተነሣው ዋና ጥያቄ፥ ከአፈር የተፈጠረ ሰው በምድር ባየው ነገር እየመሰለ ፈጣሪውን እንዴት ሊናገር ይችላል? የሚል ነው።

ኤፍሬም በንጽቢን ሲኖር፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ363 ዓመት ከተማይቱ ለፋርስ ስለ ተሰጠች፥ ዛሬ ኡርፋ ወደምትባለው ወደ ኤዴሳ ተሰደደ፤ በዚያም በ373 ዓመት ዐረፈ። ዘመኑ ከአርዮስ የተነሣ ክርክር የበዛበት ነበር። ከተከራካሪዎቹም እንደ አውኖምዮስ ያሉት የእግዚአብሔርን ባሕርይ «ያልተወለደ» በሚል አንድ ስም ጠቅልለን ዐወቅነው እስከ ማለት ደረሱ።

ኤፍሬም ይህን የመሰለውን ድፍረት የተቃወመው በዜማ ነው። በ31ኛው መዝሙር እግዚአብሔር ለሰው ድካም ዐዝኖ የሰውን ቃላት እንደ ልብስ እንደ ለበሰ ያስተምራል። መጽሐፍ ዐይንና ጆሮ እንዳለው፥ እንደ ተቈጣና እንደ ተጸጸተ የሚናገረው ስለዚህ ነው። ልብሱ ግን ባሕርዩ አይደለም፤ አንዱን አውልቆ ሌላውን ይለብሳልና።

በዚያው መዝሙር አንድ ደፋር ምሳሌ አለ። በቀቀንን ንግግር የሚያስተምር ሰው ከመስተዋት በስተኋላ ተሰውሮ ይናገራል፤ ወፊቱም በመስተዋቱ መልኳን አይታ ጓደኛዋ የተናገረ ይመስላታል፥ እንዲህም እያለች የሰውን ቃል ትለምዳለች። ትምህርቱ ግልጥ ነው፤ ሰው በመጽሐፍ ውስጥ የራሱን መልክ ቢያይ፥ የሚናገረው ግን ከመስተዋቱ በስተኋላ ያለው ነው። የምሳሌው ውበት መምህሩ የወፊቱን አለማወቅ ሳይንቅ መማሪያዋ ስላደረገው ነው። ጥፋት የሚኾነው መስተዋቱን መምህር ነው ማለት ነው።

የቅኔ ሰው ይህን ከሰምና ወርቅ ጋር ያስተያየው ይኾናል። ነገር ግን በሰምና ወርቅ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይገኛል፥ ፈቺውም ያርፋል። በኤፍሬም ዘንድ አንዱ ሰም ሲቀልጥ ወርቁ በእጅ አይጨበጥም፤ ሌላ ሰም ይቀርባል።

እዚህ ላይ ነቃፊ፥ «የማይነገር ከኾነ ይህን ያህል ምሳሌ ማብዛት ስለ ምን?» ሊል ይችላል። መልሱ ምሳሌ ሲበዛ አንዱ የሌላውን ጉድለት ማሳየቱ ነው። ኤፍሬም ሥላሴን በፀሐይ፥ በብርሃንዋና በሙቀትዋ ይመስላል፤ ፀሐይ ግን ዕውቀትና ፈቃድ የላትም። የኢትዮጵያ መምህራን ልብን፥ ቃልንና እስትንፋስን የሚጨምሩት ይህ ጉድለት እንዲሞላ ነው፤ የሰው እስትንፋስም በበኩሉ አካል የለውም። አንዱን ብቻ ይዞ የቀረ ሰው ሳያውቅ ጣዖት ያቆማል።

በመዝሙራቱ የሚነቀፍ ነገር ቢኖር በተመራማሪዎች ላይ የሚደጋገመው ተግሣጽ ነው፤ ቸኵሎ ላነበበው ሰው ትምህርትን የሚከለክል ይመስላልና። ኾኖም ያው ኤፍሬም ከ81ኛው እስከ 85ኛው መዝሙር ስለ አንዲት ዕንቍ እየተናገረ ምሥጢር ይፈልግባታል። ስለዚህ ተግሣጹ የወደቀው ወሰን የሌለውን እለካለሁ በሚል ሰው ላይ እንጂ በጠያቂ ላይ አይደለም።

ይህ ነገር ለሰባኪ ቀላል አይደለም። እግዚአብሔር ዐለት ነው ሲባል ድንጋይ ነው ብሎ የሚያምን የለም። ንጉሥ ነው፥ ተቈጣ ሲባል ግን ሰሚው የሚያውቀውን ንጉሥና የሚያውቀውን ቍጣ ያስባል። ክብር ያለው ቃል ከተናቀው ቃል ይልቅ የሚያታልለው በዚህ ነው። ቍጣን እንደ ልብስ ሳይኾን እንደ ባሕርይ የሰማ ኀጢአተኛ ቂመኛ ጌታን እንደሚሸሽ አገልጋይ ከንስሓ ይሸሻል። በመዝሙሩ ግን ልብሱ የተለበሰው ሰውን ለማቅረብ ነው፤ መስተዋቱም የቆመው ወፊቱ ንግግር ለምዳ ለመምህሯ እንድትመልስ ነው። ምሳሌን የሚያበዛ ባለቅኔና ሰባኪ ቃሉን በዚህ ይመዝን።