ለቮልስ የፊት እግር የሚገባው እጅ

የአሮጌ ቮልስ መሪ መዋለል ሲጀምር ብዙ ሰው ጥፋቱን በመሪው ላይ ያላክካል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከጎማው ጀርባ፣ ግራሶና አፈር ተጋግረው ባጠቆሩት የፊት እግር ውስጥ ነው። ይህን እግር ባለቤቱ ራሱ ይጠግነው ወይስ ለጋራዥ ይክፈል? የቮልስ ወዳጆች በዚህ ይከራከራሉ። ለእኔ መልሱ ያለው አውራ ጣት በማታህል አንዲት የነሐስ ቡሽ ላይ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው መኪና ቮልስ ነበረችና፣ በአገራችን ስለ ቮልስ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደዚያች ቀን ያመራል። እኔ ግን ሰው ጎንበስ ብሎ የፊት እግሯን እንዲያይላት እመኛለሁ። ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፈው ይህ እግር ሞላም ባሌስትራም የለውም። አንዱ ከሌላው በላይ የተጋደሙ ሁለት ቱቦዎች አሉ፤ በየቱቦው ውስጥ የታሰሩ ጠፍጣፋ የብረት ቅጠሎች መሐላቸው ላይ በብሎን ተይዘዋል። ጎማው እብጠት ሲወጣ ቅጠሎቹ ይጠመዘዛሉ፤ ሲወርድ ይመለሳሉ። ከቱቦዎቹ ጫፍ ለየጎማው ሁለት ሁለት ክንድ ወደ ኋላ ይዘረጋል። ክንዶቹ በሊንክ ፒን ጎማውን ከሚይዘው ተሸካሚ ጋር ይያያዛሉ፤ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞረው ደግሞ በኪንግ ፒን ላይ ነው። የማወራውም ስለዚሁ፣ እስከ 1965 እ.ኤ.አ. ሞዴል ድረስ ስለዘለቀው አሠራር ነው። ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ፋብሪካው ወደ ቦል ጆይንት ተሻግሯል።

ከሥራው አብዛኛው ለባለቤቱ የተገባ ነው። ምርመራው ክሪክ፣ ድጋፍና አንድ ረዳት ብቻ ይፈልጋል። ጎማውን ከመሬት አንስቶ፣ መኪናዋን በጠንካራ ድጋፍ ላይ አሳርፎ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ከተንቀጫቀጨ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ተይዞ ንቅናቄው ከጠፋ ክፍተቱ የኩሺኔታው ነው፤ ካልጠፋ ፒኖቹ ወይም ቡሾቻቸው አልቀዋል። መፍታትም ቢሆን ትዕግሥት ላለው ሰው አይከብድም። የግራው ጎማ ዳዶ ጥርሱ ተቃራኒ መሆኑን፣ የፍጥነት መለኪያው ገመድም በዚያው በግራ በኩል መሐል ለመሐል አልፎ ከጎማው ክዳን ጋር እንደሚያያዝ ማወቅ ብቻ ያሻል። ይህን ሳያውቅ ቁልፍ የሚጫን ሰው ደህናውን ጥርስ ይልጠዋል።

የሊንክ ፒኑን ስስ ሮንዴላዎች መደርደርም ጥንቃቄ እንጂ ምሥጢር የለውም። የላይኛውና የታችኛው ክንድ ጫፍ ምን ያህል እንደሚዛነፉ ይለካል፤ በልኩ መሠረት ሮንዴላዎቹ ከውስጥና ከውጭ ይከፋፈላሉ። የጎማው ጋደል ማለትና መቆም የሚወሰነው በዚህ ነው። ከዚያ ፒኑን እስኪጠብቅ አዙሮ አንድ ስምንተኛ ዙር ያህል መመለስና ማሰሪያውን ማጥበቅ ነው። ግራሶውም አሮጌው ጥቁር ወጥቶ ንጹሑ እስኪታይ ድረስ፣ ጎማዎቹ ከመሬት እንደተነሱ ይሰጣል።

ቡሿ ጋ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። አዲስ ቡሽ ተጭኖ ሲገባ ቀዳዳው ከኪንግ ፒኑ ሆን ተብሎ ጥቂት ይጠብባል። ልኩን የሚሰጠው ሪመር ነው፤ የሚሰጠውም በእጅ ነው። አንድ የማውቃቸው የአዲስ አበባ አዛውንት መካኒክ ይህን ሲሠሩ ማየት እወዳለሁ። ቡሿን ከመጫናቸው በፊት የግራሶ ቀዳዳዋን ከተሸካሚው ቀዳዳ ጋር ያስተያያሉ፤ ትንሽ ከዞረች ግራሶው ፒኑ ጋ ሳይደርስ ይቀራልና። ከዚያ ሞርሳው ላይ ያስሩና ሪመሩን የላይኛውንም የታችኛውንም ቡሽ እንዲያልፍ አድርገው ያስገባሉ። ሁለቱ ቀዳዳዎች ለየብቻቸው ልክ ቢሆኑ ምንም አይጠቅምም፤ በአንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። የሪመሩን ምላጭ በጥቂቱ ከፈት ያደርጋሉ፤ በዝግታ፣ በእኩል ጉልበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያዞራሉ። ሲያወጡትም ወደኋላ አይመልሱትም፤ ወደኋላ የዞረ ሪመር ስለቱም ይጎዳል፣ ነሐሱንም ይቧጭራል። አውጥተው ፍቅፋቂውን ይጠርጋሉ፤ ፒኑን ይሞክራሉ፤ እንደገና ይከፍታሉ። የሚነሳው የሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። በመጨረሻ ዘይት የተቀባው ፒን በአውራ ጣት ግፊት ብቻ ያለ ንቅናቄ፣ ያለ መንተፋተፍ ይገባል። እዚያ ላይ ያቆማሉ። አንድ ዙር ቢጨምሩ ቡሿ ትበላሻለች፤ የተበላውን ነሐስ የሚመልስ መሣሪያ የለም። ይህን የማቆሚያ ነጥብ እጃቸው ያገኘው በዓመታት ሥራ ነው፤ እኔ ከገንዘቡ በላይ የማከብረውም ይህንን ነው።

ለጋራዥ መክፈል ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ላለው እጅ ነው። ያረጀውን ፒን በግራሶ ሞልቶ የሚመልስ፣ ወይም ሊንክ ፒኑን አለቅጥ አጥብቆ ክፍተቱን የሚደብቅ ጋራዥ አለ። እንዲህ የተሠራች መኪና ለጊዜው ቀጥ ትላለች፤ ኩርባ ከታጠፈ በኋላ ግን መሪዋ በራሱ ለመመለስ ያንገራግራል። በጥሩ እጅ የተሠራችው መሪዋ ይመለሳል፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይም ወዲያ ወዲህ አያስብልም።

ስለዚህ ቮልስ ያለህ አንባቢ ሆይ፣ እግሯን ራስህ ፍታ፣ ራስህ እጠብ፣ ሮንዴላዎቹን ራስህ ለክተህ ደርድር፤ መኪናህን የምታውቃት ያኔ ነው። ተሸካሚውንና አዲሶቹን ቡሾች ግን ጠቅልለህ ሪመር በእጁ ወደሚታዘዝለት ሰው ውሰድ። ሲሠራ ቆመህ ተመልከት፤ አታጣድፈው፤ የጠየቀህንም ሳትከራከር ክፈለው።